የሐሙስ ተራ

ደሴ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ሃያ ሦስት፣
ቆጥሬዋለሁ እኔ ኑርዬን አዝዬበት።
እግሩ ለከዳው ልጅ ክፍሉን ሰማይ ሰቅሎ
የሠራው መሐንዲስ፣ ማን ይመጣል ብሎ?

«እስቲ ከወለሉ ተነሣ» አለችው ሐኪሟ።
እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ፣
በገዛ ገላው ላይ ሽቅብ ሲወጣ ሳይ፣
ጦሳን ወጥቼ አውቃለሁ፤
እንዲህ አላላበኝም።

ባቱ ሲደነድን «ይኼማ ሯጭ ነው» እያልኩ
ለኩታበር ሰው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ፤
ባቱን ዳስሳ ዝም ስትል፣ ያኔ ነው የገባኝ።

«ይድናል?» አልኳት።
አልዋሸችኝም።
ክኒኑን ከቁርስ ጋር፣ ለሌት የእግር ድጋፍ፣
ልቡ በየስድስት ወር ይታይ ብላ ስትጽፍ፣
እሱ ቱቦ ነፋ፤ ጠቋሚው ወጣለት፣
«አሸነፍኩ!» ብሎ ሳቀ። ማንን? አልጠየቅኩት።

ኮሪደሩ ላይ ጦይባ፣ የመርሳዋ ልጅ፣
አግዳሚው ላይ አረፍ ብላ
ባለ ጎማ ወንበሯን «ሞክረው» አለችው።
ሁለት ጊዜ ገፋ። ከዚያ ጎማው አበደ፤
በነርሶቹ መሃል፣ ባልዲውን ታኮ ሄደ፤
እኔም ከኋላው እያለከለክኩ፣
በዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ
«ኧረ አትሩጥ!» አልኩት።