የሰኞ ምልክት

ኮርስ ብስክሌቴ፣ የሥራ ቀን ሎሌ፣
ስድስት ቀን በሳምንት ታዛዥ ናት ለአመሌ፤
በጠዋት ሆስፒታል፣ አመሻሽ ሂርማታ፣
ሽንኩርት መሪዋ ላይ፣ ልጄን ኋላ አዝላ፣
ጭቃ እንደለበሰች ትገባለች ማታ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መንገዱ ሲደርቅ ግን፣
ስሟ ይለወጣል፤ ክሮኖ እንላታለን።
ከቦዬ እስከ ሰርቦ፣ ከሰርቦ ተመልሶ፣
በየሁለት ደቂቃው ሰልፉ አንድ አንድ ተቀንሶ፤
ከፊትህ ጓድ የለ፣ ከኋላህ ተከታይ፣
ንፋስ የሚከልል የሰው ጀርባ ሳታይ፣
አንተና ያ ሰዓት፣ ብቻ ለብቻ፣ አስፋልት ላይ።

ለሁለት ቀን ብዬ ሌላ አልገዛም መቼም፤
ደሞዜም አይፈቅድ፣ ቤቴም ቦታ የለም።

ሙዘይን ጎሚስታው ዙሪያችንን ዞረ፤
"ብረቷ ደህና ናት" አለና ጀመረ፣
"ደረትህ ግን በር ነው፣ ወለል ብሎ ያደረ፣
እሱን ካልዘጋነው ሁሉም ከንቱ ቀረ።"

መጀመሪያ ወረደ ፖርቶመጋላዋ፣
ቀጥሎ ደወሏ፣ ጭቃ መከላከያዋ፤
አንገቷን ገልብጠን አቀረቀረች ቁልቁል፤
የወረደው ዕቃ፣ በጎረቤት ሚዛን፣ አንድ ኪሎ ተኩል።

የክርን ዘንግ የሚሉት ከውጭ ነው የሚመጣ፣
ዋጋውን ሲጠሩት ከአፌ ቃል አልወጣ።
አልጋዬ ሥር ግን ክራንቼ ተኝቷል፣
ካቻምና ሰርቦ ቁልቁለት የተሰበረ እግሬን ተሸክሟል፤
አልሙኒየም ነው፣ ቀላል። ሙዘይን በመጋዝ ለሁለት ቆረጠው፣
አሸዋ ሞልቶ፣ በእሳት አለሳልሶ፣ ጫፉን አጎበጠው።
አንካሳ ያስኬደ ዘንግ
እንግዲህ ያስሮጥ እንደሁ እንይ።

የክርኔ ማረፊያ፣ እሱ ብቻ ሲቀር፣
ጋሽ ጠማም ዘንድ ሄድኩኝ፣ በርጩማ ሲቀርጽ ከሚውልበት በር።
"ለማን ቂጥ ነው ይቺ ጨቅላ በርጩማ?"
"ለክርኔ ነው፣ ጋሼ።"
ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ክርኔን በስንዝሩ ለካ፤
ከዋንዛ ጉማጅ ሁለት ፈለፈለ፣ እግር የሌላቸው፣
የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ታህላለች አንዳንዳቸው።

ኮርቻውን ወደፊት ልንገፋው ስንል
ፈዲላ ደረሰች፣ የጥፍር ቀለሟን ይዛ።
"የት እንደነበረ ሳታውቁ አትንኩት!"
ከኮርቻው ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ በቀይ አንድ ነጥብ፤
"ይሄ የሰኞ ቦታ ነው፤ የትም ሂድ፣ መመለሻህን አስብ።"

እሑድ፣ ቦዬ ዳር። ጭጋግ ከረግረጉ ገና አልተነሳም።
እልፍነሽ ቆጠረች፤ ስሟ እልፍ ይሁን እንጂ ከአምስት አትበልጥም፦
"አምስት፣ አራት፣ ሦስት..."
ክርኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ሽማግሌ።
አንገቴን ቀበርኩ፤ ዓለም ጠበበች፣
ነጭ መስመርና የገዛ ትንፋሼን ብቻ ሆነች።
የሰበረኝ ቁልቁለት ላይ ክራንቹ ተንቀጠቀጠ፤
ወይስ እኔ ነኝ?
ፍሬኑ ከጣቴ ሩቅ ነው። ይሄን ነው ሙዘይን ያልነገረኝ።

ሰርቦ መታጠፊያው ላይ ኪያር አለፈኝ፤
ከእኔ በኋላ ተለቆ፣ ጭራሽ "አይዞህ!" አለኝ።
ካርቦን ነው የሱ፣ እንደ ድመት ድምፅ ሳያሰማ ሄደ፤
የእኔዋ ካቴና እየተሳደበች፣ ከኋላው ነጎደች።

አርባ ሰባት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።
ከአሥራ አንድ ሰው ስምንተኛ።
ካምናው ሁለት ደቂቃ ወረደ፤ ማንም አልተገረመ፣
ሙዘይን ብቻ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ሰደደ።
ሁለት ደቂቃ ሂርማታ ይዘህ ብትሄድ
አንድ ራስ ሽንኩርት አይሰጥህም ነጋዴ፤
እኔ ግን በኪሴ እንዳለ ሁሉ እዳብሰዋለሁ።

ማታ ፈታናት። ዘንጉ አልጋ ሥር ገባ፣
በርጩማዎቹን ልጄ ወሰደች፤ አሻንጉሊቶቿ እንግዳ ጠርተዋል።
አንገቷ ቀና አለ፣ ደወሏ ቦታውን አገኘ፤
ኮርቻውን ወደ ኋላ፣ ወደ ቀዩ ነጥብ፣ ወደ ሰኞ እየገፋሁ፣
ባትሪ ያበራችልኝ ፈዲላ ፊቷን ወደ ልጇ ስታዞር፣
ብሩጎላውን አጠበቅኩት፣
ከነጥቡ አለፍ አድርጌ፣ ጥፍር ታህል፣ ወደፊት።