የወንጌሉ ዳር

ብራና አይረሳም። ቢፍቁት፣ ቢልጉት፣
ጥላው ይቀርበታል፣ ለፀሐይ ሲያሳዩት።
ይህን አውቅ ነበር፤ ቆዳ ስወጥር ነው ጣቴ የሻከረው፣
ጥቀርሻና ሙጫ ስበጠብጥ ነው ጥፍሬ የጠቆረው።

አባትሽ በሞቱ፣ በጾመ ፍልሰታ፣
አዛዥ መርሻ መጣ፣ ተከናንቦ ማታ፤
ሁለት ወቄት ወርቅ በጨርቅ ቋጥሮ፣
የጎጆዬን ቀዳዳ አንድ በአንድ ቆጥሮ።
‹‹ከወንጌሉ ዳር ላይ አንዲት ስም አለችኝ፣
እንደ እንክርዳድ ቆጥረህ ንቀልና ስጠኝ።››

አንገረብ ዳር ያለው ጥቁሩ መሬትሽ፣
ከማቴዎስ ግርጌ፣ በአባትሽ ቃል፣ በስምሽ፣
‹‹ለልጄ ለውብዳር›› ተብሎ ነበረ፤
በኔው እጅ፣ በኔው ቀለም የሰፈረ።

ወርቁ ነው ብልሽ ኃጢአቴ ይቀል ነበር።
አይደለም፣ ውብዳር።
ርስት ያላት ልጅ ለመኳንንት ነው የምትዳር፤
ባዶ እጇን ከቀረች፣ ደብተራም አትንቅ፣ ትደርሳለች ለኔ፣
ብዬ ነው ቢላውን በፍቅርሽ ሞረድ ላይ የሳልሁት ያኔ።

ፋቅሁት።
ብናኙን እፍ አልሁት፤ ጧፉ ተርገበገበ፣ መልሶ ነደደ።
አባትሽ የሰጡሽ ያ ሁሉ መሬት፣ በአንድ እፍታ ሄደ።

‹‹ሰው ይዋሽ እንደ ሆን፣ ወንጌሉ ይመስክር››
አልሽ ከሸንጎው ፊት፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ቀጥ ብለሽ እንደ ጦር።
ቅጠሉ ተገለጠ። ስምሽ የለም ዳር ላይ።
ዓይንሽ ፈልጎ ፈልጎ እኔ ላይ ሲያርፍ፣ እኔ ጉልበቴን ሳይ።
‹‹ጸሐፊው ካላየው፣ እኔ ነኝ የሳትሁት››
አልሽና ወጣሽ። ይኸን ነው ያልቻልሁት።

አርባ አራት ታቦት ነው ጎንደር ላይ፤ የትኛው ደጅ ልሂድ፣
ደወሉ ሁሉ ‹ውብዳር› ሲል፣ ከየቅጥሩ ላይ ሲወርድ?

ከዚያማ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጥግ ላይ፣ ፈትል ስትሸጪ፣
ለአንድ ስባሪ አሞሌ ከነጋዴ አፍ ክፉ ቃል ስትውጪ፣
እኔ ‹ደጉ› መጣሁ። እንጨት ፈለጥሁልሽ፣ ጣራሽን ከደንሁ፤
‹‹እግዜር የላከው ሰው›› ስትዪኝ፣ ከይሁዳ አነስሁ።
ወደድሽኝ። ‹‹በቁርባን ይሁን›› አልሽ፣ ‹‹በማይፋቅ ማኅተም፤
ሐሰት እግር የለው፣ ከሥጋ ወደሙ ፊት አይቆም።››

አባ ጽጌ ድንግል ሰሙኝ። መስቀላቸውን ግን አላሳለሙኝም።
‹‹ከኔ ጆሮ አይደለም የሰረቅኸው መሬት፤
በቀን ነው የካድኸው፤ በቀን ተናገረው፣ ከምእመኑ ፊት።››

የጥምቀት ማግሥት፣ ቃና ዘገሊላ፣ ድንጋይ ተሸክሜ፣
ከደጀ ሰላሙ ቆምሁ፣ ከነበደሌ፣ ከነስሜ።
ወንጌሉ ወጣ። ያችን ቅጠል ወደ ፀሐይ ሲያነሡት፣
ከቆዳው ውስጥ እንደ ጅማት ስምሽ ታየ፤ የቆሎ ተማሪዎች አነበቡት።

‹‹እጁ ይቆረጥ!›› አለ ሕዝቡ። ዳኛው ግን ‹‹ተበዳይ ትናገር›› አለ።
አንቺ ዝም። ዝምታሽ ከድንጋዩ ከብዶ ጫንቃዬ ላይ ዋለ።
‹‹እጁን ተዉለት፤ የፋቀው እጅ ራሱ ይጻፈው።››
ሳታዪኝ ዞረሽ ሄድሽ። ምሕረቱን አገኘሁ፤ ፊትሽን ግን የት ላግኘው?

ጻፍሁት። የተፋቀ ብራና ቀለም አይዝም፣ ይጠጣል፤
ፊደሉ ወፈረ፣ ተስፋፋ፤ ዛሬም ከሌላው ሁሉ ስምሽ ይጎላል።

በስግደት ጉልበቴ ተልጦ፣ ሰባት ዐቢይ ጾም አለፈ፤
ዕዳው የተማረለት ጭማሪ አይለምንም፣ ብዬ አፌ ተቆለፈ።

ትናንት፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ደጄን የመታ ሰው ነበረ፤
አንቺ ነሽ፤ የአንገረብ ጥቁር አፈር ተረከዝሽ ላይ እንደጋገረ።
ቀለም ያልነካው ብራና፣ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሽ፤
‹‹ቃል ኪዳን ጻፍልኝ›› አልሽ። የማን እንደ ሆነ ልጠይቅ ፈራሁሽ።
‹‹ስንት ስም ነው?›› አልሁሽ፣ ብዕሬን ሳላነሣ፣ ወደ እጅሽ ሳይ።
‹‹ሁለት። ዳር አይደለም፤
ከመሃሉ ላይ።››