ገጽ ዘጠና ስድስት

ሠላሳ ወንበር ነው የተከራየነው፣
የመጣነው ዐሥራ አንድ፣ ዘበኛው ሲቆጠር ነው።
ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ክበብ፤
ጨርቁ ላይ የጻፍነው ከበር የማይነበብ፦
«የተካልኝ ዋቅጅራ አንባቢዎች ጉባኤ፣ አንደኛ ዓመት»፤
ሁለተኛ ስለመኖሩ የማለልን የለም።
ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር፣ አንድ ክንፉ የጎደለ፣
ሊነሣ ያቃተው መንኮራኩር መሰለ።

ሰውየውን ላላወቃችሁ፦
ቀን ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ላይ፣ ብረት ሲልግ ውሎ፣
ማታ ከኮከብ ኮከብ የሚሄድ ሐዲድ ጥሎ፣
በድርጅቱ ወረቀት፣ በድርጅቱ ቀለም፣
ፉርጎ ወደ ሰማይ የላከ ከርሱ በፊት የለም፣
እኛ በምናውቃት ዓለም።
ባቡሩ ከድሬ ይነሣል፣ በነሐሴ ሌሊት፣
ጭነቱ ሽንኩርት ነው፣ ጥቂት በግ፣ አንዲት አራስ ሴት፤
ሽኒሌን ሲያልፍ ሐዲዱ ይለቃል ከመሬት።
ማንም አይጮህም። ቲኬት ቆራጩ ብቻ
«የዚህ ታሪፍ አልተነገረኝም» ይላል፣ በትዝብት።

ሦስት መቶ ቅጂ፣ በስቴንስል። የተረፈው አራት።
ሌላው የባቢሌ ኦቾሎኒ ተጠቀለለበት፤
እኔም በልቼ ስጨርስ
ጨው በቀረው ወረቀት ላይ ጨረቃ አየሁበት።

ረምዚ ከሐረር መጣ፣ ከወተት ጣሳ የሠራው
ባቡር ጭኑ ላይ ሆኖ፤ ደንገጎ ላይ ረዳቱ
የባቡሩንም ሒሳብ ጠየቀው።
ሆዳን ከደወሌ፤ ኬላ ላይ ትሠራለች፣
የጨረቃን ጉምሩክ ምዕራፍ በቃሏ ትለዋለች፤
«የሚገለጥ ዕቃ?» ብላ በሥራ ድምፅዋ ስትጠይቅ
ዘበኛው ኪሱን ዳበሰ፣ ሳያውቅ።
ኢብሳ ባጃጁ ላይ «ከሽኒሌ ወዲያ መሬት የለም» አስጽፎ
ሁለቴ ተቀጥቷል፣ ጽሑፉ ታርጋ ላይ አልፎ።
አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሙቀት ሸሽታ ገባች፣
«የማን ሠርግ ነው?» አለች፣
እስከ መጨረሻው ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ያ ጭቅጭቅ ተነሣ።
በአራቱም ቅጂ ገጽ ዘጠና ስድስት የለም።
ዘጠና አምስት እንዲህ ብሎ ያበቃል፦
«ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ፤ ቁልቁል ወደ ምድር አየና»
ከዚያ ባዶ። አራት ነጥብ እንኳ የለው።
«ተመለሱ» አለ ረምዚ። «ምን ሊሠሩ?» አለች ሆዳን።
ሁለቱ የቴክኒክ ተማሪዎች ሰሌዳ ሞልተው አሰሉ፣
«ናፍጣው አይበቃም» አሉ።

በሩ ጋ ጃንጥላ ታጠፈ።
ፊሎሜና፣ የድርጅቱ ታይፒስት፣ ሰማንያ ያለፋት፣
ስቴንስሉን የመታች። እንጃ ማን እንደነገራት።
«ያ ገጽ ኖሮም አያውቅ» አለች፣ «ምን ያጣላችኋል?
እሱ ሲል፣ እኔ ስመታ፣
የስድስት ሰዓት ጡሩምባ ተነፋ፤ ለምሳ ወጣ።
‹ተዪው፣ እዚያው ይብቃ› አለኝ ተመልሶ ሲመጣ።
ደግሞ የዚያ መኪና የባዶ ቦታ ቁልፍ
ሲሻው ይዘል ነበር፣ ሲሻው የማያልፍ።
‹አየና› ይሁን፣ ‹አየ። ና!›፣
አልጠየቅሁትም፤ ርቦኝ ነበርና።»

ቬንትሌተሩ ሲጢጥ አለ።
ሠላሳ ዓመት ማያያዣ ነው ያልነው ፊደል
ለካ ጥሪ ሊሆን ይችላል።
«ማን ነው ታዲያ የጠራው?» አለ ኢብሳ። «ሾፌሩ ምድርን?»
«ምድርንማ ቢሆን ‹ነይ› ባላት» አለች ሆዳን፣
ቀስ ብላ፣ ማኅተም እንደምትመታ።

ማታ ወንበሮቹን ስንመልስ መጋላ፣
ከፊሉ በባጃጅ፣ ከፊሉ በጫንቃ፣
ደቻቱን በአሸዋው ተሻገርን፤ ክረምት ቢሆን አንደፍርም።
መሃል ላይ ደከመን፣ አወረድን።
ማን እንደጀመረው እንጃ፦
ሁለት ሁለት፣ መተላለፊያ ትተን፣ ደረደርን፣
ዐሥራ አምስት ረድፍ።
ያቺ የሠርጓ ሴትዮ «እኔ በመስኮት በኩል» አለች።
ረምዚ ጣሳውን ከፊት አኖረ።
መብራት ጠፋ፤ ከዚራም፣ መጋላም፣ እኩል።
ሰማዩ ወንበራችን ድረስ ወረደ፣
ማንም አልጮኸም።

ከወዲያ ማዶ፣ ከጨለማው፣
የሴት ድምፅ፣ ልጇን ይሆናል፣
«ና!» አለ።
ወንዶቹ ሁላችንም ዞርን።