ገጽ ተኩል በአንድ ጉዞ

ቁልቁል ቫልፓራይሶ፤ ክሬኑ፣ መርከቡ፤
ሽቅብ የቆርቆሮ ቤት፣ ውሾች የማይጠግቡ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሊፍቱን በገመድ
ከወደቡ ጫፍ ወደ ኮረብታው መውሰድ።
ሳንቲም እቀበላለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣
ደወሉን ደውዬ መጽሐፍ እገልጣለሁ።
ሳጥኑ እስኪመጣ አንድ ገጽ ተኩል፣
ጭጋግ ከወረደ የምዕራፍ እኩል።
በዚህ ክረምት ስድስት ልብወለድ ጨረስኩ፤
ማንም ሳይጠይቀኝ ፍርዴን ይኸው ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ወንጀል፤ አንድ ሀብታም ሞቶ፣
መርማሪው ይመጣል ካፖርቱን ጎትቶ።
ገዳዩን ያወቅኩት ገጽ አርባ ላይ ሳለሁ፤
አትክልተኛው ጥፍሩ ንጹሕ ነው፣ አየሁ።
ደራሲው ደበቀ፣ እንደገና ደበቀ፣
ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እኔው ላይ ተራቀቀ።
ሆኖም አልጣልኩትም፤ መርማሪው ጨጓራ
ያመዋል፤ ሲያመው ነው እውነት የሚያወራ።

ፍቅሩን ያዋሰችኝ ዮቫንካ ናት፣ ነርሷ፣
ማልዳ የምትወርድ፣ ገና እርጥብ ራሷ።
«ታለቅሳለህ» አለች። «እኔ?» አልኳት፣ ሳቅሁ።
ስልሳ ገጽ ይሳሳማሉ ዝናብ እየመታቸው፤
ሰሐን አያጥቡም፣ የቤት ኪራይ የለባቸው፤
ጉንፋን እንኳ የለም! እያጉረመረምኩኝ
ገጽ ሁለት መቶ አሥር ስደርስ አለቀስኩኝ፤
ባርኔጣውን ረስቶ የሄደበት ቦታ፣
እሷም አቧራውን ስታራግፍ በእርጋታ።
አንዱ ተሳፋሪ «ምነው?» ቢለኝ ዞሮ፣
«የባሕር ጨው» አልኩት፣ «ነፋስ ተሳፍሮ።»

የንግሥቲቱ ታሪክ ሰባት መቶ ገጽ ነው፤
ቁልፉን፣ ዳንቴሉን፣ ሐሩን የሚተርከው።
ልቧ የት እንዳለ ግን አላገኘሁትም፤
መስኮቴን ደግፏል፣ ይህንን አልክድም።

አስፈሪ የተባለው፦ ባዶ ቤት፣ ምድር ቤት፣
ደረጃ የምትወጣ እግር አልባ እመቤት።
አዛጋሁ። ደራሲው አንድ ቀን ቢሰማ
የላላ ገመድ ድምፅ፣ ሳጥኑ ሲያቅማማ፣
ከውስጡም አሥር ሰው፣ ልጅ የታቀፈች እናት፣
ያኔ ይገባው ነበር ምን እንደሆነ ፍርሃት።

የተሸለመውን ሰጠኝ ሩፐርቶ መምህር፣
ወንጀል ይዤ ሲያየኝ በኔ ምትክ የሚያፍር።
አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም
ይሄዳል ይሄዳል ይሄዳል አይቆምም
እናቱን ያነሳል ከዚያ ደግሞ ድመት
ከዚያ ደግሞ ጦርነት ደግሞ የአባቱን ቤት
ሰው ወርዶ ሰው ወጥቶ ሳንቲሙም ተቆጥሮ
እሱ ግን እዚያው ነው ያንኑ ጀምሮ
በመጨረሻ እርሳስ አንስቼ ራራሁለት፤
አሥራ ሁለት ቦታ ነጥብ አሳረፍኩለት።
«እንዴት አገኘኸው?» ሲል «ረጅም» አልኩት፤
አኩርፎ ሦስት ቀን በእግሩ ወጣ ዳገት።

ስድስተኛው ጠፈር፤ በምራቂ አገኘሁት
ከሴኞራ ግሪሴልዳ፤ ወር ሙሉ ተውኩት።
ሽፋኑ ያስጠላል።
ሺህ ዓመት ይጓዛል መርከቡ በጨለማ፤
ጀግኖቹ ተኝተው፣ ምንም ሳይሰማ፣
አንዲት መካኒክ ናት፣ እጇ ላይ ቅባት፣
ሌሊቱን የምትጠብቅ ብሎን ቁጥር ሰባት።
ማንም አላወቃት። ስታረጅ መፍቻዋን
ትታ ሄደች፤ ሌላዋ ተቀበለች ሥራዋን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ገመድ ቀብቼ
ራሴን አላየሁም መጽሐፍ ውስጥ ገብቼ።
ያን ሌሊት ጣቴ ገጹን አተመበት፤
የሷ ቅባት ይሁን የኔ፣ ማን ይለይበት?

መጨረሻው ግን ችኩል ነው፤ ይህን ልናገር፦
ደርሰው በር ሲከፈት፣ ሕዝቡ ሲል ግር ግር፣
መፍቻዋን ማን ያዛት? አንድ መስመር እንኳ —
ደወሉ ጮኸ ከታች፤ መሆኗ ነው ዮቫንካ።
«አለቀስክ?» ልትል ነው። በሩን ልክፈትላት፤
«የትኛው ላይ?» ብዬ እስቲ ልጠይቃት።