በኅዳጉ ላይ

ከጥጥ መጋዘን ላይ፣ በሊቨርፑል ወደብ፣
ቀጠረኝ ኮሚቴው ገንዘብ እንድመዘግብ።
ከባሕሩ ማዶ፣ በኮናክት መንደር፣
ዝናብ አላባራ ብሎ፣ ድንቹ በስብሶ ቀረ እዚያው ከአፈር፤
ሰዉ የድንጋይ ላይ ሣር፣ የባሕር ዳር አረም
ቀቅሎ በላ አሉ። እኔ አላየሁትም።
እኔ የማየው ቁጥር ነው፦
ፓውንዱ በግራ ዓምድ፣ ፔኒው ወደ ቀኙ፣
ስሞቹ ከሁሉ ቀድመው የሚገኙ።

ዓርብ ዓርብ ጋዜጣው ዝርዝሩን ያወጣል፤
የብዙ ሰጪ ስም ከላይ ይቀመጣል።
ቀኝ የሰጠችውን ግራ አትወቅ የተባለው
ማተሚያ ቤት ገና ሳይፈጠር መሆን አለበት፣ ያን ጊዜ ነው።
ስኳር ነጋዴው ኦርምሮድ፣ ዐሥር ፓውንድ ሰጥቶ፣ ሦስቴ መጣ ቢሮ፣
ስሙ አንዲት ፊደል ጎድላው ታትሞ ኖሮ።
የሰበካው ትምህርት ቤት ልጆች የእሑድ ቅቤያቸውን ትተው ላኩ፤
አራት ሽልንግ ሆነ። ወደው ይሁን ታዘው፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ግንቦት ላይ ጭፈራ ለተራበው ሆነ፤
ሦስት መቶ ሻማ በአንድ ሌሊት በነነ።
በማግሥቱ ዋልኩኝ ወጪውን ስቀንስ፦
ለቫዮሊን መቺ፣ ለወይን፣ ለጥብስ፣
ለአበባ፣ ለሰረገላ ጠባቂ፣ ለበረዶ፣
ለገበታ ጨርቅ አጣቢ ሁለት ሽልንግ፤
የሰበሰብነው ሁሉ ወረደ ተንዶ።
የተረፈው ዐሥራ ሁለት ፓውንድ።
አልሳቅሁም።
ዐሥራ ሁለት ፓውንድም ዱቄት ነው፤ ዱቄት ደግሞ ነፍስ ነው፤
ማን ለምን እንደ ሰጠ ሆድ አይጠይቅም፣ ሲርበው።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማታ፣ ፋኖሱን ላጠፋ ስል፣
እጇን ሳሙና የበላው ሴት ገባች ቀስ ስትል።
አንድ ፔኒ አስቀመጠች ከመዝገቡ ዳር፤
ከመቀነቷ ፈትታ። ሳንቲሙ እርጥብ ነበር።
"ስምሽ ማን ነው?" አልኳት፣ ብዕሬን ነክሬ።
"ያን የወይን እድፍ ፈትጌ ነው ያመጣኋት፣ ከደሞዜ ቆጥሬ።
ስሜን ግን ተወው ልጄ፤ ስም ምን ይሠራል?
እናቱን የሚያጎርስ ደረሰኝ ይጽፋል?"

ወጣች። የወጪውን ሰነድ አገላበጥኩኝ፤
ከሁለት ሽልንጉ ግርጌ የመስቀል ምልክት አገኘሁኝ፣
ጎኑ ላይ በሌላ እጅ፦ ኦኖራ ጊልባን።
ከዚያ ሁሉ ሻማ፣ ከዚያ ሁሉ ድግስ፣
ከወጪ ወደ ገቢ የተመለሰ የለም
ከሷ ፔኒ በቀር፣ እስከ ዛሬ ድረስ።

ጸሐፊው ግን ሰረዛት፦ "ከሽልንግ በታች አይታተም፤ ቦታ ይፈጃል።"
ድምሩ ታዲያ በአንድ ፔኒ ይዛነፋል።
ሦስት ምሽት ሙሉ ስሕተቱን ፈልግ ተባልኩኝ፤
ፈለግሁ፣ ፈለግሁና አጣሁት አልኩኝ።

መርከቢቱ ሐሙስ አጃ ጭና ሄደች፣ ወደ ስላይጎ።
ለማን እንደ ደረሰ፣ ለስንቱ እንደ በቃ
የጻፈልኝ የለም።

አሁንም መዝገቡን ሲገልጥ አለቃዬ እዚያ ገጽ ይቆማል፤
"ይህች ክብ እድፍ ምንድን ናት፣ ኅዳጉ ላይ?" ይላል።
"ቀለም ነው" እለዋለሁ።
ውሃ ነበር።