ዘጠነኛው ምዕራፍ

ስምንቱን ምዕራፍ በአንድ ክረምት ጻፍሁ፣
ዘጠነኛው ደርሼ ሐረጎ ላይ ቆምሁ።
ከመስኮቴ ማዶ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ቧንቧ ውሃ ሰፈር መብራቱ ጠፍቷል፣
ሻማው ቀልጦ ቀልጦ ወገቡን አጥቷል።

ሹፌር ነው ሰውዬው፤ አሊጋዝ አልሁት፣
ወርቅ ጥርስ ተከልሁለት፣ አንድ ጆሮ ነሳሁት፣
እኔን እንዳይመስል ቁመት ጨመርሁለት።

ከአሰብ ጨው ጭኖ በኤንትሬ ሲመጣ፣
ኮምቦልቻን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ፣
ሌሊት ነው፤ ጉም ነበር፤ መብራቱ አንድ ዓይና፤
ኩርባው ላይ ሲጠመዝዝ፣ ማርሽ ሳይቀይር ገና፣
ጓ! አለ።
ጨዉ በየጆንያው ተንሸራቶ ዝም አለ።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

"አላቆመም" ብዬ ነጥቡን አኖርሁ፣
ከዚያ ወዲያ ሰውዬውን ያለ ምሕረት አሳደድሁ፦
ለሱብሂ ውዱእ ቦርከና ወረደ፣
ክንዱን ቢያጥብ ቢያጥብ ውሃው ጠርቶ ሄደ፣
ፀሐይ ጀርባው ላይ እስክታርፍ ድረስ
እያጠበ ቀረ፣ ስግደቱን ሳይደርስ።
እንቅልፉን ቀማሁት፤ ሚስቱን አስኮበለልሁ፤
በገዛ ልጁ አፍ "ገዳይ ነህ" አስባልሁ።
የቀረኝ ኑዛዜው።

"በል ተናገር" አልሁት። ወረቀቱ ነጣ።
አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል ከአፉ አልወጣ።
ትናንት ግን በውድቅት፣ ከገጹ ቀና ብሎ፣
ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ፦

"እሺ፣ ልናዘዝ። ግን ጋቢናው ሰፋኝ፤
ሁለት ነበርን እኮ፤ ያንን ሰው የት ጣልህብኝ?
እግሬ ፍሬን ላይ ነው፤ ልወርድ በሩን ይዣለሁ፤
'ምንድን ነው?' ብዬ ረዳቴን ጠይቄያለሁ።
በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየው፣
'አህያ ነው፣ ንዳው!' ያለኝ ልጅ ማነው?"

ብዕሬን አስቀመጥሁ።
"አሥራ ስድስት ዓመቴ፤ ብርድ ነበር፤ ፈራሁ"
ብዬ ጀመርሁና፣ መልሼ ሰረዝሁ።

የእውነተኛው ሹፌር ስም ሙሔ ነበር።
አንድም ቀን ወደ እኔ ጣቱን ሳይቀስር፣
ነገሩን ዋጥ አርጎ ገባ ከአፈር።
ቃሬዛውን ይዣለሁ፣ ከፊት፣ በቀኝ በኩል፤
ለቀስተኛው ያኔ "እንደ ልጁ ነው" ሲል
አንገቴን ደፋሁ እንጂ፣ ምን ብዬ ላስተባብል?

አህያ የእጅ ባትሪ አይዝም።
በስፖኪዮው አየሁት፤ አስፋልቱ ላይ ወድቆ፣
ቁልቁል ተንከባለለ ጉሙን ሰንጥቆ፣
ገደሉ አፍ ደርሶ ቆመ።
አልጠፋም።
ኩርባው ከዓይኔ ሲጋርደው እንኳ
አልጠፋም ነበር።