ቀሪ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ዌልስ። ባሕሩ ዳር ያለው ሆስፒታል።
ዝናቡ ከተራራ ወርዶ መስኮቴን በጥፊ ይመታል።
ደሙን የሚያሾረው ማሽን ከጥግ እንደ ቀፎ ያጉረመርማል፤
ብልቃጡ በመደዳ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

እኔ ደም አንባቢ ነኝ፤ ፊታቸውን አላውቅም፤
ገበያ መሀል ቢገፉኝ አንዳቸውንም አልለይም።
የማውቀው ደማቸው ሲረጋ ነው፤ ቀዩ ከታች ሲዘቅጥ፣
ገለባ የመሰለው ውሃ ከላይ ጠርቶ ሲቀመጥ።

ይሄኛው የኢድወል ፓሪ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት። የአውቶቡስ ሾፌር።
ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ «ድካም። ጉበት ይመርመር።»
ሰፈሩ ቤተ ሳይዳ፤
ጥቁር ድንጋይ የሚፈለጥባት፣ ዝናብ የማያጣት፣
ስሟን ከመጠመቂያው የወሰደች፣ መልአኩ ግን ያልመጣላት።

ጉበቱ ደህና ነው።
«ደህና» ብዬ ላሳልፈው ነበር፤
እውነት ለመናገር፣ ዓይኔም ከብዶኝ ነበር።
ግን አንድ ልማድ አለኝ። አባቴ ባለ ሱቅ ነበር፤
ማታ ሂሳብ ሲዘጋ
ከገባው ይልቅ የጎደለውን ነበር የሚያሳድድ።

ጠቅላላ ፕሮቲን፣ ሃምሳ ስድስት።
አልቡሚን፣ አርባ አንድ።
ቀንሽው፣ አልኩ ለራሴ።
የሦስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣ፤
ሲበዛ ሁሉም የሚደነግጥለት፣
ሲያንስ ግን ማንም የት ገባህ የማይለው።

ቀሪ፣ አስራ አምስት።

ቀሪ።
ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ
ከወንበሩ የጠፋውም «ቀሪ» ነበር የሚባለው።
ይሄም ቁጥር ሁለት ፊት አለው፤
ተቀንሶ የተረፈ፣
ተጠርቶ ያልተሰለፈ።
የት ሄዱ እነዚያ ዘበኞች?
በሽታ ባለፈ ቁጥር መልኩን የሚመዘግቡ፣
ዳግም ሲመጣ «አንተን እናውቅሃለን» ብለው በር የሚዘጉ?
በኢድወል ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤
ሌባው በየክረምቱ ይመጣል፣
በየክረምቱ እንደ አዲስ ሰው ይስተናገዳል።

ሲነጋ ደወልኩ። ዶክተር አንጋራድ መዝገቡን ስታገላብጥ
ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል።
«ሳንባ ምች… ሳይነስ… እንደገና ሳንባ ምች…
በአራት ዓመት አስራ አንድ ጊዜ መድኃኒት…»
ከዚያ ዝም አለች።
አንዱ ሐኪም «የድንጋይ ብናኝ ነው» ብሎታል፤ ድንጋይ የፈለጠው አያቱ ነበር።
አንዱ «ሲጋራ»፤ አጭሶ አያውቅም።
አንዱ «አየሩ ነው»፤
አየሩማ የሁላችን ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የቀረውን ተናገረ፤
የጠረጠርኩት ሁሉ ነበረ፣ ከጠረጠርኩትም ባሰ።
አሁን በየሦስት ሳምንቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤
ከላዩ ከረጢት ተንጠልጥሎ
ጠብ፣ ጠብ።
ስሙ ይገርመኛል፤ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል፤
የሚሰጡት ግን እንግዶች ናቸው፤
ሺህ ሰው፣ በሺህ ከተማ፣
ሳሉን እሱ ሳይሰማ ስለው የጨረሱ፣
ትኩሳታቸውን አልፈው ትዝታውን ያዋሱ።
መጻጉዕ በውሃው ዳር «ሰው የለኝም» አለ፤
ይሄኛው አለው።
ስማቸውን ብቻ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአዳር ስወጣ፣
የቤተ ሳይዳን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዴ አልነበረም።
ሾፌሩ ሪዙ የሸበተ፣ መስኮቱን ገርበብ ያደረገ፤
ሁለት ፌርማታ ሙሉ ጆሮዬን ጣልኩ፣
አላሳለም።
ስሙን አልጠየቅኩትም።
ብር ሰጠሁት፣ መልሴን ሰጠኝ፤
ልማድ ነው፣ ቆጠርኩት።
አልጎደለም።